ባዶውን የሚመለስ ከረጢት

«መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽስ?» ብዬ ሸዋንግዛውን ጠየቅኩት።

«ይጠገናላ፣ አበልጄ።»

«መለዋወጫው ባይገኝስ?»

«እስኪገኝ ቁጭ ማለት ነው።»

«ቁጭ ብሎ ምን ይበላል?»

ሸዋንግዛው ወደ ባለቤቴ ወደ አስረስ ዞረ። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጀምር አስረስ መስኮት መስኮቱን ማየት ይወዳል። ከመስኮቱ ውጭ ሚዛን ተፈሪ እንደ ልማዷ ደመና ለብሳለች። ኅዳር ገብቶም ሰማዩ ገና አልጠራም።

ሸዋንግዛው የልጃችን የፈንታው የክርስትና አባት ነው። የነጋዴ ጭነት እየጫነ ከቴፒ ተነስቶ በማሻና በጎሬ አድርጎ ጋምቤላ ይወርዳል። በበጋ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ከጋምቤላም አልፎ እስከ ጅካዎ ይዘልቃል። ጅካዎ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከወንዙ ማዶ ሱዳን ነው። ጅማ አሥረኛ ክፍል ስማር ያንን አገር በካርታ ላይ ስዬዋለሁ፤ ወንዙን በሰማያዊ እርሳስ፣ ድንበሩን በቀይ። ያን ጊዜ አስተማሪያችን የሚቆጣን መስመሩ ከተጣመመ ብቻ ነበር። አሁን 1970 ዓ.ም. ነው፤ ያንን መስመር ልጄ ሊሻገረው ነው።

ፈንታውም ጅማ ነበር የሚማረው። በአንድ የኪራይ ክፍል አብረውት የሚኖሩት ልጆች አንድ ማለዳ ተወስደው በዚያው ቀሩ። እሱ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር ተረፈ። ዳቦውን እንደያዘ ቡና ልትጭን በምትመጣ መኪና ተሳፍሮ ወደ እኛ መጣ። ሚዛን ለጊዜው ጸጥ ያለች ነበረች። ቆይቶ ግን ቀበሌው ከሌላ ከተማ የመጡ ተማሪዎች በሙሉ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ቀጥሎም የቡናው ሥራ እንዳለቀ በአዳራሹ የማጋለጥ ስብሰባ እንደሚደረግ ተነገረ። እያንዳንዱ ተማሪ ተነስቶ ራሱንም ጓደኞቹንም ያጋልጣል ተባለ። ጅማ ላይ ከእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ ወጥተው ወደየቤታቸው ያልተመለሱ ልጆች ብዙ እንደነበሩ ፈንታው ነግሮናል። ሚዛን ላይም እንደዚያ ይሆናል ያለኝ ሰው የለም። እስኪሉኝም አልጠበቅኩም።

ወንዶቹ የመከሩት እንዲህ ነበር። ቀበሌው ወጣቶችን ለቡና ለቀማ ዘመቻ ወደ ቴፒ እርሻ ይልካል። ፈንታው ከእነሱ ጋር ሰው ሁሉ እያየው በቀን ይሄዳል። ቴፒ ሲደርስ ሸዋንግዛው ይቀበለዋል። የሸዋንግዛው ረዳት ታፈሰ የሚባል ልጅ ነው፤ ወባ ይዞት ተኝቷል፣ የይለፍ ወረቀቱ ግን መኪናው ውስጥ አለ። ፎቶግራፍ የለበትም። ፈንታው ታፈሰ ሆኖ እስከ ጅካዎ ይጓዛል፤ ከዚያ በታንኳ ይሻገራል። ከማዶ ናስር የምትባል ከተማ አለች፤ ከናስር ወደ ማላካል መኪና አይጠፋም።

እነሱ በዚህ ያለቀ መሰላቸው። ለእኔ ገና መጀመሩ ነበር።

የመኪና ረዳት የተማሪ እጅ የለውም። ሸዋንግዛው የመኪና ግራሶ በቆርቆሮ እንዲያመጣልኝ አደረግኩ። ፈንታው ጠዋት እጁን በግራሶ ያሻል፣ ከዚያ እስኪመሽ እንጨት ይፈልጣል። ሸራ እንዴት እንደሚወጠር፣ ቁልቁለት ላይ ታኮው ከየትኛው ጎማ ሥር እንደሚገባ ሸዋንግዛው አስተማረው። ምሳ ላይ ደግሞ የኬላ ጠባቂ የምሆነው እኔ ነኝ።

«ስምህ?»

«ታፈሰ።»

«የአባትህስ?»

«ተረፈ።»

«የት ተወለድክ?»

«ሸዋ ቤንች።»

«የሸዋ ቤንች ገበያ ምን ቀን ነው?»

ፈንታው ጉርሻውን አንስቶ ቆመ። «ኬላ ጠባቂ የገበያ ቀን ይጠይቃል እንዴ፣ እማዬ?»

«የተጠራጠረ ይጠይቃል።»

«አንቺን ኬላ ላይ ቢቀጥሩሽ ዝንብም አታልፍም ነበር።»

አስረስ ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ቆይቼ ስለነበር ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። የምንስቅበት ጊዜ እንዳልሆነ ነግሬያቸው ጥያቄዬን ቀጠልኩ። ቤት ውስጥም ታፈሰ እያልን እንድንጠራው አዘዝኩ፤ መንገድ ላይ አንድ የሚያውቀው ሰው ከኋላው በስሙ ቢጠራው እንዳይዞር። አንድ ቀን ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ድምፄን ለውጬ «ፈንታው» ብዬ ተጣራሁ። አልዞረም። መጥረቢያውን አንስቶ ፈለጠ። እፎይ አልኩ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነበርኩ።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ መሻገሩን በምን አውቃለሁ የሚለው ነበር። ደብዳቤ አይታሰብም፣ ቃልም በሰው አይላክም። ሸዋንግዛው ራሱ መጥቶ ቢነግረን ደግ ነበር። ነገር ግን ነጋዴው በዚያው ወደ ሌላ ቦታ ቢልከውስ? ቢታመምስ? ስለዚህ ከአቡጀዲ አንድ ከረጢት ሰፋሁ፣ አፉንም በቀይ ክር ዘመዘምኩት። ፈንታው ስንቁን በዚህ ከረጢት ይዞ ይሄዳል። ወንዙ ዳር ሲደርስ የተረፈውን ወደ ሌላ ጨርቅ ይገለብጥና ከረጢቱን ለሸዋንግዛው ይሰጠዋል። ባዶውን ከመጣልኝ ልጄ ተሻግሯል። አንድ ነገር ከደረሰበት ግን ከረጢቱ ስንቁን እንደያዘ ይመለስልኛል። በማንም ሰው እጅ ቢላክ፣ ያ ሰው የያዘው ነገር ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም።

ሸዋንግዛው ራሱን አከከ። «ባዶ ከረጢት ሰው ቤት ይዤ ልምጣ? አያምርም፣ አበልጄ።»

«ለአንድ ጊዜ ባያምርስ?» አልኩት።

ስንቁ ድርቆሽ እንዲሆን ቆርጬ ነበር። አባቴ ከጎጃም ወደዚህ አገር ሲመጣ ድርቆሽ እየበላ ነው የመጣው። ወር ቢቀመጥ አይበላሽም፣ በውሃ ርሶ ይበላል፣ እሳትም አይፈልግም። ችግሩ ሚዛን ላይ እንጀራ ማድረቅ ነው። ፀሐይዋ ስትወጣ በጥድፊያ ነው፤ ሁሉም ሰው በዚያች ሰዓት በየደጁ የሚያሰጣው ቡና ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዘመኑ የጦርነት ነበር፤ ለዘማች ስንቅ በየቀበሌው ሲሰበሰብ የቤቴን ድርሻ አስረክቤያለሁ። እንደገና ድርቆሽ በግልጽ ባሰጣ የማን ነው መባሉ አይቀርም።

ስለዚህ የጥቁር ጤፍ እንጀራ ጋግሬ በትንሽ በትንሹ ቆራረስኩና ከጀንፈሉ ጋር ቀላቅዬ ሰሌን ላይ አሰጣሁት። ጀንፈል ማለት ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ነው፤ ጠቆር ያለ ነው። የጥቁር ጤፍ ድርቆሽ ከእሱ ጋር ሲደባለቅ ከመንገድ ለሚያይ ሰው አይለይም። ማታ ማታ እየለቀምኩ አስገባለሁ። በሥራዬ ኮራሁ ማለት እችላለሁ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበረብኝ። በዓመቱ በዓል ከቀረሁ አመማት ወይ ይባላል፤ ሰው ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ ቤቴ ይገባል። አስረስና ፈንታውም አብረውኝ ሄዱ። ማለዳው ብሩህ ስለነበር ሰሌኑን አሰጥቼ ወጣሁ። ታቦቱ ከወጣ በኋላ በሸኮ በኩል ያለው ሰማይ ሲጠቁር አየሁ። ነጠላዬን አደግድጌ ለብቻዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። እየሮጥኩ የማስበው ድርቆሹ ይበሰብሳል ብዬ ነው። ሌላውን ነገር ያሰብኩት ደጃፌ ስደርስ ነበር።

እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ የማን ቡና ነው ተብሎ አይጠየቅም። ባለቤቱ ኖረም አልኖረም፣ ቅርብ ያለ ሰው ሮጦ ያነሳል። ተጣልተው የማይነጋገሩ ጎረቤቶች እንኳን አንዱ የሌላውን ቡና ሲያስገባ አይቻለሁ። እኔም የስንቱን አስገብቻለሁ። ድርቆሼን ሚዛን ውስጥ ሰው ሁሉ ሮጦ የሚያነሳው ነገር መሃል ነበር የደበቅኩት።

በረንዳዬ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ጎረቤቴ ውድነሽ ናት። የቤንች ልጅ ናት፤ ባሏ ይስሐቅ ወንጌላዊ ነበር፣ የጸሎት ቤታቸው ሲዘጋ ተይዞ ጅማ ታስሯል። ሁለተኛዋ የቀበሌው የሴቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ የዓለምዘርፍ ናት። በመንገድ ስታልፍ ነው ዝናቡ የደረሰባት። ሰሌኑን ግራና ቀኝ ይዘው ከነቡናው አስገብተውልኛል። የዓለምዘርፍ መዳፏ ላይ አንድ ቁራሽ ድርቆሽ ይዛለች።

«እንኳን አደረሰሽ፣ እትዬ ጽጌሬዳ» አለችኝ። «ቡናሽ እንጀራ አፍርቷል።»

ለማሻ ኬላ፣ ለጎሬ ኬላ፣ ለጋምቤላ ኬላ መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ ለገዛ በረንዳዬ ግን ምንም አላዘጋጀሁም።

«የዘማቹን ድርሻ ከሁሉ ቀድመሽ ነው ያስረከብሽው። ታዲያ ይኼ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለች ውድነሽ።

የዓለምዘርፍም እኔም ወደ እሷ ዞርን። ውድነሽ ጸጉሯ ላይ ያረፈውን ውሃ በእጇ እየጠረገች ነበር።

«ለይስሐቅ ነው። እስር ቤት እንጀራ ይሻግታል አሉኝ። እኔ እንጀራ አልችልበትም፣ እሷን ለመንኳት።»

«ቡና ውስጥስ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ነኝ ደብቂው ያልኳት። የእስረኛ ስንቅ አዘጋጀች ብላችሁ ስሟን ስብሰባ ላይ እንዳታነሱት ብዬ። አታነሱትም ነበር?»

የዓለምዘርፍ ቁራሹን አፏ ውስጥ ጨመረችና አኘከችው። «ጨው አንሶታል» አለች። ቀጥላም እስረኛም ቢሆን እንደሚበላ፣ ከቀበሌው አንድ ሰው ለስብሰባ ጅማ እንደሚሄድ፣ ስንቁን በእሱ መላክ እንደሚቻል ተናገረች። ከዚያ ሰሌኑ ዳር ቁጭ ብላ ድርቆሹን ከጀንፈሉ መልቀም ጀመረች። እኛም ተቀመጥን። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ መነጋገር አያስፈልግም ነበር። ሦስታችን እንዲያ ጎንበስ ብለን የልጄን ስንቅ ለይስሐቅ ለቀምን። ሲያልቅ ውድነሽ በነጠላዋ ቋጥራ ወሰደችው።

የዓለምዘርፍ ከመሄዷ በፊት ፈንታው የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ቤተ ክርስቲያን አልኳት። ለቡና ለቀማው ስሙን ማስመዝገቧን ነገረችኝና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውድነሽ ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ያለመጠየቋ ደግሞ ሁሉን ማወቋ ነው። ለምን ዋሸችልኝ? ባሏ እስር ቤት ያለባት ሴት አንድ የሚሸሽ ተማሪ ጠቁማ ባሏን ለማስፈታት ብትሞክር ማን ይፈርድባታል? እኔ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ ይህን ማሰቡ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ለአስረስ ነገርኩት።

«መናገር ብትፈልግ በረንዳው ላይ ትናገር ነበር» አለኝ።

«አሁን እያሰበችበት ይሆናል።»

«አንቺ ነሽ እያሰብሽላት ያለሽው፣ ጽጌ።»

ጉዞው ይቅር ብዬም ነበር። ግን ሸዋንግዛው ቴፒ ሆኖ ጭነት እየጠበቀ ነው፤ ስብሰባውም እየቀረበ ነው። ቢሄድም ቢቀርም የሚታየኝ ያው አንድ ነገር ሆነ።

ውድነሽ የተበደረችውን ወንፊቴን ልትመልስ መጣች። የእኔን ዕቃ ስትመልስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ታስቀምጥበታለች፤ ጎደሬ፣ ሙዝ፣ አንዳንዴ አንድ እፍኝ ሚጥሚጣ። የዚያን ቀን ከጎደሬው ሥር አንድ ቅል ማር ነበር።

«ድርቆሽሽን ወስጄብሻለሁ» አለችኝ።

«ለይስሐቅ ይሁንለት።»

«ዳቦ ቆሎ ቤት ውስጥ ይሠራል። ፀሐይ አይፈልግም። ዱቄቱን በማር እንለውሰው።»

ቆሜ አየኋት። እሷ መልሴን ሳትጠብቅ ጎንበስ ብላ እሳቱን ታነሳሳ ጀመር። ሊጡን እኔ ለወስኩ፣ እሷ እንደ ገመድ እያሸች በቢላ ቆራረጠችው፣ ምጣድ ላይ ቆላነው። ያን ሁሉ ሰዓት የማን ስንቅ እንደሆነ አላነሳችም። ለመሄድ ስትነሳ ብቻ፣ እጇን እያራገፈች፣ «ይስሐቅን ሲወስዱት ምንም ሳይቋጥር ነው የሄደው» አለችኝ። ከዚያ ወጣች። እኔም ጥርጣሬዬን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፤ ግን ከረጢቱ ሞልቶ ነበር።

የቡና ለቀማው ዘማቾች በተነሱበት ጠዋት አደባባዩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ልጆቹ መኪናው ላይ ወጥተው ይዘፍናሉ፣ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ሌሎቹ እናቶች ለጥቂት ሳምንት ለቀማ የሚሄዱ ልጆቻቸውን ነው የሚሸኙት፤ ይስቃሉ፣ ይቀልዳሉ። እኔም እንደ እነሱ መሳቅ ነበረብኝ። እንዴት እንደምስም እንኳን አስቤበት ነበር፤ እንደ ማንኛዋም እናት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ፈንታው ሊወጣ ሲል የዓለምዘርፍ መጣችና ከረጢቱን በእጇ መዘነችው።

«ቴፒ ምግብ የለም ያለሽ ማነው፣ እትዬ ጽጌሬዳ?»

መልስ የሰጣት ፈንታው ነው። «እናቴን አታውቂያትም እንዴ፣ ጓድ የዓለምዘርፍ? ገበያ ስትልከኝም ስንቅ ትቋጥርልኛለች።»

በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። የዓለምዘርፍም ሳቀች፤ ከረጢቱን ራሷ አቀበለችው። ልጄ ከላይ ሆኖ ግራሶ የገባበትን እጁን አነሳልኝ። መኪናው ወደ ቴፒ መንገድ ሲዞር ውድነሽ ከሰው መሃል ቆማ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት። እየጸለየች ነበር።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ከቴፒ እርሻ ፈንታው መጥፋቱ ለቀበሌው ሲነገር አስረስን ጠሩት። ምን እንደሚል አስቀድሜ አስጠንቼዋለሁ፤ ያስጠናሁትን አንድ ቃል ሳያጎድል ነው የተናገረው። «ልጃችንን ለእናንተ ነው ያስረከብነው። የት አደረሳችሁት ብለን መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።» ቀበሌ አሳደሩት፣ መልሰው ጠየቁት፣ ያንኑ ነገራቸው። በመጨረሻ ለቀቁት።

ስብሰባው ተደረገ። የእነማን ልጆች ከአዳራሹ እንዳልተመለሱ እዚህ አልጽፍም፤ እናቶቻቸው አሁንም አሉ። ለቅሷቸውን ከቤቴ ሆኜ ሰማሁ፤ የፈንታው ስም ከስሞቻቸው መሃል እንዳልነበረ እያሰብኩ በማፈሬና በመደሰቴ መሃል ቆምኩ።

አንድ ረፋድ ደጃፋችን ላይ የጭነት መኪና ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ወልደአማኑኤል እባላለሁ አለኝ፤ ሸዋንግዛው መኪናው ተበላሽቶበት ጎሬ ቀርቷል፣ ይህን ስጥልኝ ብሎኛል ብሎ ከረጢቱን ሰጠኝ። ቀዩን ክር አየሁ። ሰውየው አክብሮ እጅ ነሳኝና ሄደ።

ከረጢቱ ከባድ ነበር።

አልፈታሁትም። በጨርቁ ላይ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጥቃቅን፣ ደረቅ፣ ጠጠር ያሉ ነገሮች። ዳቦ ቆሎ። አልጋው ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ነገር ስለሆነ እንግዳ አልሆነብኝም። ያልጠበቅኩት አንድ ነገር ቢኖር ዝም ማለት እንዳለብኝ ነው። ብጮህ ጎረቤት ይሰማል፣ ቀበሌው ይሰማል፣ በምን አወቅሽ ይሉኛል፤ አስረስን መልሰው ይወስዱታል፣ ሸዋንግዛውን ይይዙታል። ልጅ ሞቶበት ለቅሶ የማይቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጨመርኩ።

አስረስ ለምሳ ሲመጣ ከረጢቱን አየ። ጠጋ ብሎ አነሳው፣ ክብደቱን ሲያውቀው መልሶ አስቀመጠው። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጠኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። የዚያን ዕለት እሳት አልነደደም፣ በሩም አልተከፈተም።

በማግስቱ ጠዋት አስረስ ሰው እንዳይጠረጥር ብሎ ወደ ሥራው ከሄደ በኋላ ውድነሽ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ከቤታችሁ ጭስ አላየሁም፣ አመማችሁ ወይ አለች። አልጋውን አሳየኋት። ከረጢቱን አየች፣ እኔን አየች። ጎንበስ ብላ ከከረጢቱ ሥር ያለውን አንሶላ ዳሰሰች።

«ይኼ እርጥብ ነው» አለች።

እኔም አየሁ። ከረጢቱ ያረፈበት አንሶላ ውሃ እንደፈሰሰበት ረጥቧል። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ጣሪያው ግን አያፈስም። ውድነሽ ጣቷን አቡጀዲው ላይ አሻሸችና ቀመሰችው።

«የፈንታው እናት፣ ዳቦ ቆሎ ውሃ አያወጣም። ይኼ ጨው ነው።»

ክሩን ፈታችው። አሞሌ ተፈርክሶ እንደሚሆነው ያለ ድፍን ድፍን ጨው ነበር፤ የጋምቤላ ነጋዴዎች የሚሸጡት ዓይነት። የሚዛን እርጥበት ገብቶበት ላብ አውጥቷል። እጄን ውስጡ ሰድጄ እስከ ሥሩ አገላበጥኩ። አንድ ዳቦ ቆሎ የለበትም።

«ባዶ ነበር መምጣት ያለበት» አልኩ። ከቤተሰቤና ከሸዋንግዛው ውጭ ለማንም ሰው ስለ ነገሩ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ከረጢቱ ባዶ ከሆነ ምን ማለት እንደነበር፣ ስንቁን ከያዘ ደግሞ ምን ማለት እንደነበር ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንዙን፣ ታፈሰን፣ ሁሉንም። ውድነሽ እያዳመጠች የጨው ቅንጣት በጣቷ ታገላብጣለች።

«ያመጣው ሰውዬ ይህን ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ የሰው ዕቃ ባዶውን ይዞ ደጅሽ ይቁም? እናቱ ያሳደገችው ሰው ነው» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የልጅሽ ስንቅ እዚህ የለም። ይዞት ሄዷል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እሷ በሩን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች። አስረስ ከሥራ ሲመለስ ጨው የሞላበትን ወንፊት ሰጠሁት፤ ገና ሳልናገር ገባው፤ ከዚያ እሱም ተቀመጠ። ጨውን እኩል ከፍለን ግማሹን ውድነሽ ወሰደች። ስትወጣ በረንዳው ላይ ቆማ፣ ድርቆሹ ለይስሐቅ መድረሱን፣ ጨው እንዳነሰው እሱም እንደተናገረ ነገረችኝ። ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ሸዋንግዛው መኪናውን አስጠግኖ ሲመጣ ሁሉን ተረከልን። ኬላዎቹን አልፈዋል። የጋምቤላው ጠባቂ ብቻ ነበር ያስቸገረው፤ የት ተወለድክ ብሎ ጠይቆት ኖሮ፣ ፈንታው ሳይጠየቅ የሸዋ ቤንችን የገበያ ቀን ጨምሮ ነግሮታል። ጅካዎ ላይ ማለዳ ከብት ከሚያሻግሩ ሰዎች ጋር በታንኳ ተሳፈረ። ከማዶ ወርዶ በሣሩ መሃል እስኪጠፋ ድረስ ሸዋንግዛው ቆሞ አየው። ከረጢቱን ባዶውን አጣጥፎ ለወልደአማኑኤል እንደሰጠው ማለልን፤ ባዶውን ደረሰሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደረሰኝ አልኩት። ምን ሆኖ እንደደረሰ አልነገርኩትም፤ ወልደአማኑኤል ላይ ይቆጣል ብዬ።

አስረስ መስኮቱን ያያል። ውጭ እንደገና ማካፋት ጀምሯል፤ በየደጁ ሰው ቡና ለማንሳት ሲሯሯጥ ይሰማል።

«ከናስር ወደ ማላካል የሚወስደው መኪና ቢበላሽስ?» አልኩት ሸዋንግዛውን።

ይቀልድብኛል ብዬ ነበር። አልቀለደም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣

«ስንቅ አለው፣ አበልጄ» አለኝ።